አራት ጣት ለቁመት

እናቴ ጅዳ የሄደችው ሻርፕ ልትሸጥ ነው ብዬ ሁለት ዓመት አምኛለሁ። ስትሄድ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኩ፤ ለአስተማሪያችን ነገርኩ፤ ከጎባ ሮቤ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ነገርኩ። ማንም አላረመኝም። ትልልቆቹ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩ ነበር። ያኔ የቀኑብን ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ጌታነህ ሸማኔ ነው። ጎባ ውስጥ ያለችው ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። በአንደኛው እንተኛለን፤ የሁለተኛውን ግማሽ የአባቴ መሸመኛ ይዞታል። ከመሸመኛው ሥር ጉድጓድ አለ። አባቴ ጫፉ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድና መርገጫዎቹን በተራ ይረግጣል። ከሳነቲ አምባ በኩል ጉም ወርዶ ሰፈሩን ሲውጠው ከቤታችን ሁሉ የሚሞቀው ያ ጉድጓድ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመጣ ከእግሮቹ ጎን ገብቼ እጠቀለላለሁ። ድሩ ከራሴ በላይ እንደ ጣሪያ ይዘረጋል። ክሩን ለማጠንከር የሚቀባው የዱቄት ሙቅ ደርቆ፣ ትንሽ የኮመጠጠ ሽታ ይሸታል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ ሰምቼ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ከገሰራና ከጎሮ ድረስ ሰርግ ያላቸው ሰዎች ጋቢ ሊያሠሩ ይመጡ ነበር ይባላል፤ ወረፋ ይዘው። እኔ ነፍስ ሳውቅ የሚመጣ አልነበረም። ሮቤ ገበያ ላይ ነብር የታተመበት የውጭ ብርድ ልብስ በላስቲክ ቦርሳ ተጣጥፎ ይሸጥ ጀምሮ ነበር። ከጋቢ ይረክሳል፤ እውነቱን ለመናገር ከጋቢ ይሞቃል። አባቴም አይክድም። አንድ ቀን አንዱን ገልብጦ፣ ጠርዙን በሁለት ጣቱ አሻሽቶ፣ «ጥሩ ሥራ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ያለ ሥራ አለፈ። እናቴ ሠርከአዲስ ምሳ ስታቀርብልን «እኔ ቅድም በልቻለሁ» ማለት አበዛች። ብቻዋን ተደብቃ የምትበላ እየመሰለኝ እናደድባት ነበር። አንድ ጊዜም በር ሥር ሆኜ ልይዛት ጠብቄያለሁ።

በ2004 ኅዳር እትዬ ሃጂራ ወረቀት ይዘው መጡ። እትዬ ሃጂራ ሮቤ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ነብር ያለበትን ብርድ ልብስ እሳቸውም ይሸጡታል፤ አባቴ ግን አልተቀየማቸውም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

«አከም ቡልተኒ፣ እንደምን አደራችሁ፣» አሉ ከደጅ። «ጌታነህ፣ ከጉድጓድህ ውጣ። ዛሬ የማወራህ የሩቅ አገር ነገር ነው።»

«ደግሞ ምን ልትሸጪልኝ መጣሽ?» አለ አባቴ ሳይነሳ።

«አንተን ራስህን። ለጀርመን።»

አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የእጅ ሥራ ሻርፕ እየሰበሰበ ወደ ውጭ ይልካል። እትዬ ሃጂራ በዘመድ በኩል የሁለት መቶ አርባ ሻርፕ ትዕዛዝ ተቀብለዋል። ወረቀቱ ላይ ሥዕሉ አለ፦ መሃሉ ነጭ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ሰማያዊ ጥለት።

«ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ ወርዱ ስድሳ ሳንቲም። ልክ እንደ ወረቀቱ። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«አንተማ ትሰማለህ። እጅህ ነው የማይሰማው።»

እናቴ ሀይሚን ጡት እያጠባች በሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሀይሚ እህቴ ያኔ ገና ዓመቷን መያዟ ነው።

«ይኼ ካለፈ በየሦስት ወሩ ይመጣል ነው ያልሽው?» አለች እናቴ።

«በየሦስት ወሩ፣ ኢንሻአላህ።»

«ፓስፖርቴ እኮ ወጥቷል፣ ሃጂራ።»

«ይውጣ። ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አይበላ፣ አይጠጣ።»

ሻርፑ ውጭ አገር ይሄዳል። እናቴ ፓስፖርት አላት። እኔ ሁለቱን ገጣጠምኩና እናቴ ሻርፖቹን ይዛ ሄዳ ትሸጣለች አልኩ። እንዴት ያለ ነገር ነው ብዬ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ሻርፑ ካለፈ እናቴ ከእኛ ጋር ትቀራለች፤ ካላለፈ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች። በቤታችን ውስጥ ይህን የማናውቅ ሁለት ነበርን፤ እኔና ሀይሚ።

አባቴ ሥራ ጀመረ። እትዬ ሃጂራ በሜትር ለክተው አንድ ቀጭን ዘንግ ቆርጠው ሰጡት፤ እያንዳንዱን ሻርፕ በእሱ ይለካል። እናቴ ከድሩ ላይ የሚወርደውን ተቀብላ ጫፉን ትቋጫለች፤ የተንዘረፈፈውን ክር ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ እያሸች ትገምደዋለች። ጉልበቷ ቀልቶ ነበር። በሁለት ሳምንት የመጀመሪያው ሠላሳ አለቀ፤ እናቴ በካርቶን ደርድራ፣ በሲባጎ አስራ፣ በራሷ ቋጠሮ ቋጠረችው። እየሠራች ስታንጎራጉር የሰማኋት ያን ሰሞን ነው። ለጉዞዋ የተደሰተች መሰለኝ።

አሁን የምራቂውን ነገር መናገር አለብኝ። ሸንኮራም ብትገዛ፣ ቲማቲምም ብትገዛ፣ የሚሸጥልህ ሰው ከልኩ በላይ ትንሽ ይጨምርልሃል። ሸማኔም እንዲሁ ነው። አያቴ ለአባቴ ያስተማረው ግን ከዚህ ያልፋል። ልኩን ብቻ የሚሰጥ ሸማኔ ልጁ አይረዝምም ይል ነበር አያቴ። ስለዚህ አባቴ ማንኛውንም ሸማ ሲሠራ፣ መሃሉን ጨርሶ የመጨረሻውን ጥለት ከመጀመሩ በፊት፣ አራት ጣቱን ጨርቁ ላይ ያጋድማል። የጣቶቹን ስፋት ያህል ጨምሮ ይሠራና «ለልጄ ቁመት» ይላል። ዳር ላይ የተደረገ ይተረተራል፤ መሃል የገባ ግን ይኖራል። ከተወለድኩ ጀምሮ ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ።

እኔ ደግሞ ከክፍላችን ሁሉ አጭሩ ነበርኩ። ስሜ ብዙነህ ነው፤ ኢብሳ የሚባለው ልጅ «ጥቂትነህ» ብሎ አውጥቶልኝ ነበር።

«አባዬ፣» አልኩት አንድ ቀን ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ፣ «ጣትህን አላጋደምክም።»

«ይኼኛው በወረቀት ነው።»

«እኔስ?»

«አንተ ምን ሆንክ? በወረቀት አይደለህ፤ ራስህ ታድጋለህ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከሦስት ቀን በኋላ ኢብሳ ክፍሉን በሙሉ ከጥቁር ሰሌዳው ጋር አስጠግቶ በጠመኔ ለካን። የእኔ መስመር ከሴቶቹም ሁሉ ወረደ። «ጥቂትነህ ዘንድሮ ቀነሰ» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ፤ ቦርሳዬን ወርውሬ አባቴን «አንተ ነህ ያሳጠርከኝ» አልኩት። ሠላሳ ሻርፕ፣ ሠላሳ ጊዜ እየቆጠረ ሰረቀኝ አልኩት። ወላጅ አባቴን እንደ ሌባ ነበር የከሰስኩት።

መወርወሪያውን አቆመ። ከዚያ ጨርቁ ላይ አራት ጣቱን አጋደመ።

«ማን በበዛለት ይቆጣል?» አለ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሱ።

እናቴ ያን ጊዜ ጓሮ ነበረች። አላየችም። ከዚያ በኋላም እሷ የምታየው ጫፉን ነው፤ እኔና አባቴ መሃሉን እናውቃለን። ሁለት መቶ አሥር ሻርፕ እንዲያ ተሠራ።

በዚህ ነገር ራሴን ስወነጅል ኖሬያለሁ፤ ስወነጅል መኖሬም ልክ አይመስለኝም። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ሠላሳ ስምንት። ወረቀቱን ያነበበው እሱ ነው። ትልቅ ሆኜ ስጠይቀው «በአንተ አታሳብበው» አለኝ። «ልኩን ብቻ መስጠት እጄን ይበላኝ ነበር። አንተ ባትጠይቀኝም ሌላ ሰበብ እፈልግ ነበር።» ይህን ያለው እኔን ለማቅለል ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም።

መጋቢት ላይ ስምንት ካርቶን ይዘን ሮቤ ሄድን። እናቴ የሰርግ ነጠላዋን ለብሳ ነበር። እትዬ ሃጂራ ሱቅ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ይጠብቀን ነበር፤ ዓብዱልፈታሕ ይባላል፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ አንገቱ ላይ ቢጫ ሜትር ያንጠለጠለ ሰው። እናቴን ለጉዞ ልብስ ሊሰፋላት የመጣ ልብስ ሰፊ መሰለኝ። እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ የመጀመሪያውን ካርቶን ፈትቶ ሻርፖቹን አንድ በአንድ መለካት ጀመረ።

«ሰማንያ። ሰማንያ። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ።»

እያንዳንዱን ባነሳ ቁጥር የእናቴ ፊት ይበራ ነበር። ሠላሳውም አለፈ። ሁለተኛው ካርቶን ተፈታ።

«ሰማንያ ስምንት፣» አለ። ሜትሩን አስተካክሎ ደግሞ ለካ። «ሰማንያ ስምንት።» ሌላ አነሳ። «ሰማንያ ሰባት ተኩል።»

እኔ አባቴን በክርኔ ጎሸምኩት። «በለጥን፣» አልኩት። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ደስታዬ ከፍ ይላል። የአባቴን ፊት ቀና ብዬ ሳይ ግን ከአፉ ዙሪያ ደሙ ሸሽቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ስምንት ሳንቲም ይረዝማል፣» አለ ዓብዱልፈታሕ።

«አዎ። ጨምሬበት ነው።»

«ለምን?»

«ምራቂ ነዋ።»

ዓብዱልፈታሕ አልሳቀም። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። «የሚፈቀደው ሁለት ሳንቲም ነው ጋሼ። ወደ ላይም፣ ወደ ታችም።»

«ወደ ታቹ ይገባኛል። ወደ ላዩ ማን ይከፋዋል?»

«እዚያ ያለው ሱቅ አንድ ላይ ነው የሚሰቅላቸው። አንዱ ከሌላው ከረዘመ ተበላሽቷል ይላሉ። ማሸጊያውም በልኩ የተሠራ ነው።»

«አላጎደልኩም እኮ ልጄ። ሰው ጨመረልኝ ብሎ ይከሳል?»

«እኔ አይደለሁም የምወስነው። እኔ ባሳልፈው እዚያ ደርሶ ሁሉም ይመለሳል። ሠላሳውም ጭምር።»

ያ ሰው አልበደለንም። ኮሌጅ ገብቼ የውጭ ንግድ ስማር እንዲህ ያለውን የትዕዛዝ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ፤ የልኩ ሠንጠረዥ ሁልጊዜ ሁለት ምልክት አለው፣ መደመርና መቀነስ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጦ። መምህራችን ሲያስረዳ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

እናቴ ከእትዬ ሃጂራ ጠረጴዛ ላይ መቀሱን አነሳች።

«ዕቃውን የሚጭነው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«አሥር ሰዓት።»

«አሁን ስድስት ነው። ቆርጬ መቋጨቱን እደግመዋለሁ። ሃጂራ ታግዘኛለች። የቻልነውን ያህል።» ቁጭ ብላ አንዱን ሻርፕ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። መቀሱን ከፈተች። «የት ጋ ልቁረጥ?»

አባቴ ዓይኑን ከመቀሱ ላይ አላነሳም።

«ጌታነህ፣ የት ጋ ነው የጨመርከው?»

«መሃሉ ላይ።»

«መሃሉ ላይ የት?»

«ውስጡ ነው ያለው ሠርኬ። ከጥለቱ በፊት። ከዳር ብትቆርጪው ጥለቱ ይሄዳል። ከመሃል ብትቆርጪው...» አልጨረሰውም።

እናቴ መቀሱን እንደከፈተች ቀረች። ሻርፑን ከአንዱ ሰማያዊ ጥለት እስከ ሌላው በዓይኗ ተጓዘችው፤ ተመልሳ ተጓዘችው፤ መግቢያ እንደሌለው ቤት። እትዬ ሃጂራ ጎንበስ ብለው መቀሱን ከጣቶቿ ውስጥ አንድ በአንድ አላቅቀው ወሰዱ። «ማል ጎና፣» አሉ፤ «ምን እናድርግ፣ ሱብሃነላህ፣ ምን እናድርግ።»

«ሌላ ጊዜስ?» አለች እናቴ ወደ ዓብዱልፈታሕ ዞራ። «ሌላ ጊዜ ልክ አድርገን ብንሠራ?»

«አንዴ ያላለፈ ሰው አንድ ዓመት ይቆያል እትዬ። ከዚያ እንደገና ማመልከት ይቻላል።»

«አንድ ዓመት፣» አለች።

አላለቀሰችም። ሻርፑን በቀድሞ እጥፋቱ አጥፋ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው፤ ሲባጎውንም አስራ ቋጠረችው።

አሥር ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። አንድ ካርቶን ጫኑ። «ሌሎቹስ?» አልኳቸው እትዬ ሃጂራን። «ይከተላሉ፣» አሉኝ፤ ራሴንም ዳበሱኝ። አመንኩ። ወደ ጎባ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔ ከእናቴ ጎን። ሁለቱም አይነጋገሩም፤ ደክሟቸው ነው አልኩ።

«እማዬ፣ እንግዲህ ትሄጃለሽ አይደል?»

አየችኝ። «አዎ ልጄ፣» አለች። «እንግዲህ እሄዳለሁ።»

አጨበጨብኩ። ያን ድምፅ ዛሬም አልረሳሁትም፤ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ሚኒባስ ውስጥ የሁለት ትንንሽ እጆች ጭብጨባ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንቶች እናቴ ታመመች ብዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጡቷ ላይ የሚመር ነገር ስትቀባ አየኋት፤ ጥቁር ነው፣ ሽታው ክፍሉን ሁሉ ያመርረዋል። መድኃኒት መሰለኝ። ሀይሚ ልትጠባ ትመጣለች፤ ትቀምሰዋለች፤ ፊቷ ይጨማደዳል፤ ታለቅሳለች። ደግማ ትመጣለች። እናቴ ጡቷን አትሸፍንም፤ እንድትቀምሰው ትተዋታለች። በአምስተኛው ቀን ሀይሚ መጣች፣ አሸተተች፣ ተመልሳ ወደ አባቴ ሄደች። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። እኔም «ተሻለሽ?» አልኳት። «ተሻለኝ፣» አለችኝ። እሬት እንደሆነና ሕፃን ጡት የሚጥለው እንዲያ መሆኑን ያወቅኩት ስንት ዓመት ቆይቼ ነው።

በግንቦት ሄደች። ረፋድ ላይ ነበር፤ የጎባ መናኸሪያ ጭቃ ነበር። ሀይሚ አባቴ ጀርባ ላይ ተኝታለች። እናቴ ሳታነቃት እግሯን ብቻ ይዛ ቆየች። አባቴ «ሠርኬ» ብሎ ጀመረ፤ እሷ «ኮትህ ቁልፉ ሊወድቅ ነው፣ ስፋው» አለችው። ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«አባትህን አታስቸግር። ጫማህን ግራና ቀኙን ለይተህ አድርግ።»

«ሁሉንም ስትሸጪ ብስክሌት ትገዢልኛለሽ?»

«እገዛልሃለሁ።»

«ቀዩን።»

«ቀዩን።»

ተሳፈረች። መኪናው ሲነሳ ሮጥኩና በዚያ ለቆመው ሕዝብ «እናቴ ነጋዴ ናት» አልኩ።

አባቴ መሸመኛውን ተወው፤ እህል መጋዘን ሸክም ገባ። ጉድጓዱን በድንች ጆንያ ሞላነው። እናቴ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአባቴ ስልክ ትደውላለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ገዢዎች አጠገቧ ቆመው ስለሆነ ነው እል ነበር።

«ስንት ሸጥሽ?» አልኳት በመጀመሪያው ዓርብ።

መልሱ ዘገየ።

«ሦስት፣» አለች።

እንዲህ ተጀመረ። በየሳምንቱ እጠይቃለሁ፤ ሁለት፣ አንድ፣ አራት ትለኛለች። ማን እንደገዛም እጠይቃለሁ። «አንዲት ወፍራም ሴት፤ አንገቷ ላይ አልዞር ብሏት ሁለቱን አቀጣጥላ ወሰደች፣» ትላለች፤ እስቃለሁ። «አንድ ሽማግሌ ለግመሉ ገዛ፣» ትላለች፤ ወለሉ ላይ እንከባለላለሁ። አባቴ በነዚህ ጊዜያት ከቤት ይወጣል። ቁጥሩን በደብተሬ ጀርባ ላይ በሰረዝ እጽፋለሁ።

ከሄደች ሰባት ዓመት ሲሆናት አንድ ጊዜ መጥታ ነበር፤ አርባ ቀን ቆየች። ሀይሚ ውኃ ስታቀርብላት «ይጠጡ፣ ጠጥተው ሲጨርሱ ብርጭቆውን እወስዳለሁ» አለቻት። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ ለእንግዳ እንዲህ ማለት እኛው ነን ያስተማርናት። እናቴ ውኃውን ጠጥታ ጨርሳ ብርጭቆውን በሁለት እጇ መለሰችላት። ከዚያ ተመልሳ ሄደች። አሁንም እዚያው ናት።

ወደ አንዱ ዓርብ ልመለስ። በ2006 ሰኔ ነበር፤ አሥር ዓመት ሆኖኛል።

«ዛሬ ሁለት ሸጥኩ፣» አለች።

«እንግዲያው አልቋል እማዬ።»

«ምኑ?»

«ሻርፑ። ሁለት መቶ አርባ ሞላ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ብስክሌቱ ባይኖርም ግድ የለኝም። አሁን መምጣት ትችያለሽ።»

በስልኩ ውስጥ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ሌላ ምንም የለም።

«እማዬ?»

«ስልኩን ለአባትህ ስጠው።»

አባቴን ከደጅ ጠራሁት፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። «እሺ፣» አለ። «እሺ።» ቆየና «አንቺ ንገሪው፣» አለ። ደግሞ አዳመጠ። «እኔም አልችልም ሠርኬ። እኔም አልችልም። እሺ።» ዘጋው።

«ሌላ ሥራልኝ ነው የምትለው፣» አለኝ ሳያየኝ። «ገዢ በዝቶባታል።»

በነጋታው የድንቹን ጆንያ አወጣ። የጉድጓዱን ሸረሪት ድር በመጥረጊያ ጠረገ። እኔን ደግሞ ክር ከእትዬ ሃጂራ እንዳመጣ ወደ ሮቤ ላከኝ።

እትዬ ሃጂራ ሱቃቸው ሰው ሞልቶ ነበር። «ክሩ ጓዳ ነው፣ ገብተህ ራስህ አውርድ፣» አሉኝ። ጓዳው ጨለማ ነው፤ ዓይኔ እስኪለምድ ቆምኩ። ክሩ ካርቶን ላይ ነበር። ካርቶኑ በሲባጎ የታሰረ ነው። ቋጠሮው የእናቴ ነው። ሥሩ ሌላ ካርቶን አለ፤ ከጎኑ ሌላ። ሰባት ነበሩ።

አንዱን ፈታሁ። የላይኛዎቹን አይጥ እጥፋታቸው ላይ በልቷቸዋል። ከሥር ያሉት ደህና ናቸው፤ ነጭ፣ ሰማያዊ። የቤታችን ሽታ፣ ያ የኮመጠጠ የዱቄት ሽታ፣ ከውስጣቸው ወጣ።

«አንተ ልጅ፣ ክሩን አጣኸው እንዴ?» እትዬ ሃጂራ በሩ ላይ ደረሱ። አዩኝ። ከኋላቸው መጋረጃውን ዘጉና ከካርቶኖቹ በአንዱ ላይ ተቀመጡ።

«እናትህ ምን ትሠራለች?» አሉኝ።

«ትሸጣለች።»

«ምን?»

እጄ ላይ ያለውን ሻርፕ አየሁ።

«ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣» አሉ። እትዬ ሃጂራ ነገር አያድበሰብሱም። «አራት ፎቅ ታጸዳለች። አንዲት አሮጊት አለች፤ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች። ስልክ አይፈቅዱላትም። ዓርብ ዓርብ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ነው የምትደውልላችሁ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ጠየቅከን? አንተ እኮ ነህ የነገርከን።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ስትነግረን ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር። እናትህም ከአንተ ጋር ጨርሳ ለእኔም ደውላ ‹ሻርፕ ሸጥኩለት› ብላ ትነግረኝ ነበር፤ ዋላሂ፣ ልክ እንደሸጠች ሰው።»

«አባዬ አሁን የሚሠራውን ማን ሊገዛው ነው?»

«ማንም።»

ሻርፖቹን ወደ ካርቶኑ መለስኩ። የእናቴን ቋጠሮ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ እሳቸው በሌላ ቋጠሮ አሰሩልኝ። ክሩን ሰጡኝ። «ሂድ፣ አባትህ ይጠብቃል፣» አሉ።

ቤት ስደርስ አባቴ በቀረችው ክር ጀምሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መሸመኛው ሲንኳኳ ሀይሚ የምታስታውሰው ድምፅ ስላልነበረ አልጋ ሥር ገብታ ታለቅሳለች። አባቴ አልሰማትም። ማንም የማይፈልገውን ሻርፕ፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለው፣ በዘንጉ እየለካ፣ ጀርባው ተጎንብሶ ይሠራል። ሠርቶ ሲጨርስ የእናቴ አለመኖር ምክንያት ይኖረዋል። ምክንያቱንም ለእኔ ነበር የሚሠራልኝ።

ክሩን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

«አገኘኸው?» አለኝ።

«አገኘሁት።»

ሀይሚን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቀፍኳት።

ዓርብ ደረሰ። ስልኩ ሲጮኽ አባቴ እንደልማዱ ሊወጣ ተነሳ። እኔ አነሳሁት። ከወዲያ በኩል ውኃው ይንጠባጠባል። እናቴ ትተነፍሳለች፤ ምን እንደምላት እየጠበቀች ነው።

«ዛሬስ ስንት ሸጥሽ?» አልኳት።

አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«አራት፣» አለች በመጨረሻ።

«ማን ገዛልሽ?»

ንፍጧን ስባ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ስለ አንዲት ሙሽራና ስለ አማቷ መናገር ጀመረች። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ አዳመጥኳት። መሳቅ የሚገባኝ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳቅኩ።